ጀፎረውን ያጠረው ሰው

ወልቂጤ መናኸሪያ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ሴትዮዋ ዘግይታለች።

ሰልሚያ የሆሳዕና ሚኒባሶች በሚቆሙበት በኩል ቆማ ስልኳን የምትነካካ መሰለች። ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ትኬት ቢሮው ግድግዳ ላይ የተደገፈ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰውዬ አለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ መኪና አልያዘም፣ ሰው አልተቀበለም፣ ዕቃ አላስጫነም። መናኸሪያ ውስጥ ይህን ያህል ሥራ ፈትቶ የሚቆም ወይ ሌባ ነው፣ ወይ እንደ እሷ ነው።

አናደዳት። ቢያንስ ሙዝ ገዝቶ ቢልጥ ምን ነበረበት? ሰው እንዲህ ይናቃል?

ሰልሚያ የእውነት ስሟ አይደለም። የምትሰልልለት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ያወጣላት ስም ነው። በምስጢር «ወፍጮ» ትባላለች። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን የአገና ልጅ፣ የእዝነት ጤና ማኅበር የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ማኅበሩ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ አሥራ አራት ክሊኒኮች አሉት። በእነዚህ ክሊኒኮች የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ያንን የስም ዝርዝር አንድ ሰው ሊሰርቅ ነው። ለሙከራ ስድስት ስም ወስዷል። ለስድስቱም ስልክ ተደወለላቸው። «የምትውጪውን ኪኒን እናውቃለን። እንድንናገር ትፈልጊያለሽ?» እምድብር ቅቤ ትሸጥ የነበረች አንዷ ቤቷን እንደተከፈተ ጥላ ጠፋች። እስካሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ሰልሚያ ይህን ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሌባ አይታለች፣ ገዳይም አይታለች። የበሽተኛ ስም የሚቸረችር ግን አይታ አታውቅም።

«የአገና መኪና ሞላ?» አለ ከኋላዋ የሴት ድምፅ።

ሰልሚያ አልዞረችም። «አንድ ሰው ይጎድላል።»

ሲስተር ወለተ ሐና ናት፤ ቡታጅራ ክሊኒክ ያለችው ነርስ። የስልክ ጥሪዎቹን መጀመሪያ ያወቀችውና ለመሥሪያ ቤቱ የጠቆመችው እሷ ናት። የምስጢር ስሟ «መርፌ» ነው። አብረው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ሲስተር የጓንት ካርቶን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ውስጡ ስልክ አለ።

«ትናንት የተደወለው ተቀድቶልሻል» አለች በሹክሹክታ። «ሰውዬው በንግግሩ መሃል ‹ነገ ከነገ ወዲያ ሁላችሁም እጃችን ትገባላችሁ› አለ። ሁላችሁም! ሰምተሻል? ሁሉንም ሊወስዱት ነው።»

«አይወስዱትም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

ሰልሚያ የሲስተርን እጅ አየች። የካርቶኑን ጠርዝ ይቦጫጭቃል።

«ሲስተር፣ ምን ሆነሻል?»

«እኔም ዝርዝሩ ውስጥ አለሁ።»

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

«ኪኒኑን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለች ወለተ ሐና። «ባሌ ያውቃል፤ እናቱ አታውቅም። የምወጋቸው፣ የማዋልዳቸው ሰዎች አያውቁም። አንድ ሰው ካወቀ ቡታጅራ በሙሉ አወቀ ማለት ነው። በማርያም ብዬሻለሁ፣ አትርፊኝ።»

ሰልሚያ የባጃጁን መስታወት አየች።

ጥቁሩ ጃኬት። ሁለት ባጃጅ ከኋላ።

«ገበያው ጋ ቀስ ሲል ውረጂ። በጨርቅ ተራው ግቢ። ወደ ኋላ እንዳታዪ!»

ሲስተር ወረደች። ሰልሚያ ካርቶኑን ጉያዋ ከትታ ባጃጁን ወደ ጅማ መንገድ አስነዳችው። ሰውዬው ማንን እንደሚከተል ለማየት ፈለገች። እሷን ተከተለ። እፎይ አለች። ነዳጅ ማደያው ጋ ወርዳ በቆሙ ሲኖትራኮች መሃል ገባች፣ በሌላኛው በኩል ወጣች፣ ሻርፗን ቀይራ ሌላ ባጃጅ ያዘች። ጥቁሩ ጃኬት ከመኪኖቹ መሃል ቆሞ ሲዞር አየችው።

ያን ቀጠሮ ከሁለቱ ሴቶች ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አለቃዋ።

አለቃዋ ዘመድኩን ይባላል፤ የምስጢር ስሙ «መዘውር»። ማታ ላይ ደወለ።

«ወፍጮ፣ ዕቃው ገባ?»

«ገብቷል። ግን ተከታትለውኛል።»

«የሽማግሌው ሰው ይሆናል።»

ሽማግሌው የሚለው ኢንጂነር ሙሀመድአወልን ነው። የማኅበሩን ኔትወርክ ከመሠረቱ የሠራው እሱ ነው። ዘመድኩን ከጠረጠረው አንድ ወር አልፎታል።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋይሉን ሊያወጣው ነው» አለ ዘመድኩን። «ልክ በዘጠኝ ሰዓት ፋይሉ የሚሄድበትን መንገድ፣ ጀፎረውን ዝጊው። መውጫ ያጣል፣ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን።»

«በኔ የመግቢያ ቁልፍ?»

«በማን ሊሆን ነው? ሥራሽ አይደል?»

ዘጋው። ደህና እደሪ እንኳ አላላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ፋይሎች ሦስት ቦታ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ፤ ወልቂጤ ባለው የራሱ ሰርቨር፣ አዲስ አበባ በተከራየው የክላውድ ማከማቻ፣ ውጭ አገር በተከራየው ሌላ ክላውድ። የበሽተኞች ስም ከአገር አይወጣም፤ ውጭ ያለው ለቀጠሮና ለዕቃ ግዢ ብቻ ነው። ድሮ አንድ መንገድ ለመቀየር ቴክኒሻን መሣሪያ ተሸክሞ በየክሊኒኩ ይዞር ነበር። አሁን ወልቂጤ ያለ አንድ ሶፍትዌር ሁሉንም ያዛል። የትኛው ፋይል በየት ይለፍ፣ ማን ይግባ፣ ማን ይከልከል፤ አንድ መስመር ትጽፋለህ፣ አሥራ አራቱም ክሊኒኮች ይታዘዛሉ። ሙሀመድአወል ዋናውን መንገድ «ጀፎረ» ብሎ ሰየመው። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የክሊኒኮቹ ፋይል በሙሉ በዚያ ይጓዛል።

በማግስቱ ጠዋት ሰልሚያ የኢንጂነሩ ቢሮ ገባች።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሼ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ። ቁጭ በይ።»

ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለት መነጽር አለው፤ አንዱ ግንባሩ ላይ፣ አንዱ ዓይኑ ላይ። ሰልሚያ ነገሩን እንደ ተራ ጥያቄ አድርጋ ጣል አደረገችው።

«ጋሼ፣ ጀፎረው ቢዘጋ ምን ይሆናል?»

ሽማግሌው የታችኛውን መነጽር አወለቀ።

«ምን አልሽ?»

«ቢዘጋ... ቢታጠር ማለቴ ነው።»

«የአገና ልጅ ነኝ ብለሽኝ ነበር።»

ሰልሚያ ራሷን ነቀነቀች።

«የአገና ልጅ እንዲህ ብላ አትጠይቅም» አለ ሙሀመድአወል። ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ከረረ። «ጀፎረ ይታጠራል እንዴ? በመንደራችን ከየቤቱ ፊት የተዘረጋው ሰፊው ሣር ነው። ከብቱ ያልፍበታል፣ ሰርጉ ያልፍበታል፣ ሬሳው ያልፍበታል። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። እብድ እንኳ አያጥረውም። አንዱ ደፍሮ ቢያጥር መንደሩ ወጥቶ አጥሩን ይነቅላል፣ ሰውየውንም ሽማግሌ ፊት ያቆመዋል። ይህን ለመስማት አንቺ እኔ ጋ ትመጫለሽ? ማነሽ አንቺ?»

ተያዘች።

በአምስት ወር ውስጥ ስንት ነገር ተጠንቅቃ! የአነጋገር ዘዬውን አጥንታለች፣ የአጎት የአክስት ስም ሸምድዳለች። በአንድ ጥያቄ ገደል ገባች። በራሷ ተናደደች፤ መዋሸት ግን አላሰኛትም።

«ጋሼ፣ ማን እንደሆንኩ አይጠይቁኝ። ጀፎረውን በዘጠኝ ሰዓት እንድዘጋው ታዝዣለሁ። እርስዎ ሊሰርቁ ነው ተብሏል።»

«እኔ?» ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ! ወላሂ እኔ! ነይ፣ ነይ እዪ!»

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ጣቱ ስክሪኑን ይደበድባል።

«ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሶፍትዌሩ ፋይሉን በመንገድ ላይ አይጥለውም። ወዲያው ተለዋጭ መንገድ ይፈልጋል። ተለዋጩ ይሄ ነው፤ ውጭ አገር ባለው ክላውድ በኩል። ይሄን ደግሞ እዪ! ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው እዚያ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ የሚቀዳ ነገር ተክሏል። ሁሉን በሚከፍተው በበላይ ቁልፍ ነው የተተከለው። ለአለቆቼ ብነግር ‹ምርመራ ላይ ነው፣ አትንካው› አሉኝ።»

የበላይ ቁልፉን ለምርመራ ብሎ በደብዳቤ የተቀበለው ዘመድኩን ነው።

ለሰልሚያ አሁን ገባት። ጀፎረውን መዝጋት ሌባውን መያዣ አልነበረም። ስርቆቱ ራሱ ነው። ጣቷን ነበር የፈለገው፤ ነገ ሲጣራ የሷ ስም እንዲገኝ። ጥቁሩን ጃኬትም የላከው እሱ ነው። ጠቋሚዋን በምስጢር ስሟ ብቻ ነው የሚያውቃት፤ ማን እንደሆነች ማወቅ ፈልጎ ነው።

ስምንት ዓመት «አለቃ» ብላዋለች። እናቷ ስትሞት ለቅሶ ደርሷል፤ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ አልቅሷል። ይሄ ውሻ!

«ጋሼ፣ ቢታጠር መንደሩ ይነቅላል አሉኝ። እዚህስ?»

ሙሀመድአወል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ጀፎረ ብዬ ሰይሜ ክፍት አድርጌ የምተወው ይመስልሻል? ማንም ሲያጥረው፣ ያጠረው ሰው ስም በአሥራ አራቱም ክሊኒኮች ስክሪን ላይ ይወጣል። ‹ይፍረስ?› ይላቸዋል። ሦስት ክሊኒክ ‹ይፍረስ› ካለ ይፈርሳል፣ ተለዋጩም ይዘጋል። ላጠረው ሰው አይነገረውም። እንዲህ አድርጌ እንደሠራሁት የሚያውቅ የለም፤ ማንስ ጠይቆኝ?»

ሰልሚያ ወጥታ ደወለች። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ቁጥጥር ኃላፊ፣ ወይዘሮ ዓለምዘውድን ነው ያገኘችው። ሁሉንም ነገረቻት።

«ከአለቃሽና ካንቺ ማንን የሚያምኑ ይመስልሻል?» አለች ዓለምዘውድ። «ሰዎቼ በስምንት ሰዓት ወልቂጤ ይደርሳሉ፣ ታች ሆነው ይጠብቃሉ። ግን በራሱ ቁልፍ፣ በራሱ ስም ሲያደርገው ካልሆነ አልነካውም።»

«ስሞቹ መውጣት ቢጀምሩስ?»

«በስንት ሰከንድ ትዘጊዋለሽ?»

«በሁለት። ቢበዛ በሦስት።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

የዘጠኝ ሰዓቱን ጉዞ አስቀርታ ብትጠብቀው ዘመድኩን ያያል። ዛሬ ከተወው ነገ በሌላ መንገድ ይመጣል። ሲስተርንም ሊደርስባት አንድ እርምጃ ነው የቀረው። ሰልሚያ ወሰነች። ሙሀመድአወል ለእምድብር፣ ለአገናና ለወልቂጤ ክሊኒኮች ብቻ «ይፍረስ» የሚለውን ወዲያው እንዲጫኑ በስልክ ነገራቸው። ለቡታጅራ አልተነገረም፤ ሲስተር ከዚህ ሁሉ እንድትርቅ ሰልሚያ ፈለገች።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ለዘመድኩን ደወለች።

«አለቃ፣ ቁልፌ አልሠራም አለኝ። ሽማግሌው ሳይዘጋብኝ አይቀርም።»

«ምን ዓይነት ደደብ ነሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«እዚያው ጠብቂኝ።»

ወልቂጤ ውስጥ ነበር! በአሥራ አምስት ደቂቃ ደረሰ። ሰልሚያ የምትሠራበትን የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል በር ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። አንድ ሰው አስከትሏል።

ጥቁሩ ጃኬት።

ሰልሚያ እንዳላወቀችው ሆነች። ሰውዬው በሩን ዘግቶ ተደገፈው። መደገፍ ይወዳል።

«ተነሺ» አለ ዘመድኩን። ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ግንባሩን አልቦታል። «የዘጠኝ ሰዓቱ ጉዞ እንዳለ ነው?»

«እንዳለ ነው።»

አላመናትም። ራሱ ከፍቶ አየ። ከዚያ ቁልፉን ሰካ። የሰው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የአባቱ ቤት ይመስል ተዘረጋጋበት።

«አለቃ፣ በእርስዎ ስም ይመዘገባል እኮ።»

«በኋላ አጠፋዋለሁ። ዝም በይ!»

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ።

ጻፈ። ጀፎረ፣ ዝጋ።

ዘጠኝ ሰዓት።

ተጫነው።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ጠፋ። በተለዋጩ በኩል ቢጫ መስመር ወጣ። ፋይሉ መሄድ ጀመረ።

አንድ። ሁለት።

እምድብር «ይፍረስ» የሚለውን ተጭኗል፣ ወልቂጤም ተጭኗል። ሰልሚያ ይህን አታይም። የምታየው ቢጫውን መስመር ብቻ ነው።

ሦስት። አራት።

አገናስ? አገና ምን ነካው?

አገና መብራት ጠፍቷል። ከአምስት ደቂቃ በፊት። የክሊኒኩ ጠባቂ ጀነሬተሩን ሊያስነሳ ገመድ እየጎተተ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲበራ የዋለ መብራት! ዘጠኝ ሰዓት ላይ!

አምስት። ስድስት። ሰባት።

ሌሎቹ ክሊኒኮች መልእክቱን አይተውታል። አንዱ ማስታወቂያ መስሎት ዘጋው። አንዱ ለአለቃው ሊያሳይ ተነሳ። ሰልሚያ እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ሰደደች።

«አትንኪ!» ጥቁሩ ጃኬት ክንዷን ጠመዘዛት።

ስምንት። ዘጠኝ። አሥር።

አሥራ አንድ።

ቢጫው መስመር ቆመ።

ዘመድኩን ኪቦርዱን ደጋግሞ ተጫነው። ምንም የለም። ከዚያ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ማንም አላነሳውም። ሁለተኛው ስልክ ጮኸ። ሦስተኛው። ሰልሚያ በነፃ እጇ የድምፅ ማጉያውን ተጫነችው።

«ሃሎ! ከእምድብር ነው!» የሴት ድምፅ ነው፤ ይቆጣል። «ማነው ዘመድኩን የሚባለው? ጀፎረ የሚያጥር ማነው እሱ? ነውር አያውቅም? አገናኙኝ እስቲ!»

ዘመድኩን ሰልሚያን አያት።

«ምን አደረግሽ?»

«እኔ ምንም። ስምህ ነው አሥራ አራት ቦታ የተጻፈው።»

«አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፤ የሰልሚያን ክንድ ይዞ የነበረው ጥቁሩ ጃኬት ተገፍትሮ በግንባሩ ተደፋ። የዓለምዘውድ ሰዎች አራት ነበሩ። ዘመድኩን ሽጉጡን ሳያወጣው መሬት ላይ ጣሉት። ከኋላቸው ሙሀመድአወል ቆሟል።

«አንተ ነህ?» አለ ሽማግሌው፣ መሬት ላይ የወደቀውን ዘመድኩንን እያየ። «ሦስት ሺህ ሰው! አላህን አትፈራም?»

የሰልሚያ ክንድ እያበጠ ነው። ስልኮቹ መጮኽ አላቆሙም።

ሦስተኛውን «ይፍረስ» የተጫነችው ቡታጅራ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ሰልሚያ ቡታጅራ ክሊኒክ ገባች። መሄድ አልተፈቀደላትም፤ ሄደች። ሲስተር መርፌ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

«ሳይነግሩሽ እንዴት ተጫንሽው?»

«ስክሪኑ ጀፎረ ታጠረ አለኝ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ልጅ እየከተብኩ ነበር፣ ጥዬ ሮጥኩ። ተረፍን አይደል? ንገሪኝ።»

ሰልሚያ ወረቀት አወጣች። ከእጇ ሊወጣላት አልቻለም።

«አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ። አርባ አንድ ስም ሄዷል። ዘመድኩን ስሙን ከሚሸጥላቸው ሰዎች እጅ ገብቷል፤ ማስመለስ አይቻልም። ዝርዝሩ በከተማ የፊደል ተራ ነው የሚሄደው። ቡታጅራ ቀድሞ ወጣ።»

ሲስተር ወረቀቱን ነጠቀቻት። ዓይኗ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ።

«እኔ የለሁበትም።»

«የለሽበትም።»

ደስ አላላትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ሀቢቡ» አለች። «ዘይባ። ሰርካለም... ሰርካለም ነፍሰ ጡር ናት እኮ! ገብረወልድ ለልጆቹ እንኳ አልተናገረም።» ቀና አለች። ፊቷ ተለውጧል። «በሁለት ሰከንድ ይዘጋል ብለሽ ነው የጠበቅሽው?»

«ከዚያ ሌላ መያዣ አልነበረም።»

«በማን ስም ቁማር ተጫወትሽ? በሰርካለም? ጠይቀሻታል?»

ትናንት ድል አደረግን ብለው ዓለምዘውድ ቢሮ ውስጥ ተጨባብጠዋል። ሦስት ሺህ ሰባ አንድ ስም ተረፈ ተብሎ ተጽፏል። ያ ጽሑፍ አሁን ሰልሚያን አስጠላት፤ ራሷንም ጠላች።

ወለተ ሐና ነጭ ጋወኗን አውልቃ ሰቀለችው። ነጠላዋን ደረበች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እያንዳንዳቸው ቤት። ያ ስልክ ሳይደርስባቸው እኔ እደርሳለሁ። ‹ይደወልልሻል፣ አትደንግጪ፣ እኔ አለሁ› እላቸዋለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ ቢሉሽስ? ከክሊኒኩ ወጣ ቢሉ አንቺን ነው የሚጠሉት።»

«አርባ አንድ ስም ወጣ፣ አርባ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።»

«ሲስተር! ያንቺ አልወጣም! ማንም አያውቅም! ለዚህ አይደል እንዴ አትርፊኝ ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ብዬሻለሁ። አተረፍሽኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።» ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ከተተችው። «ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ‹አይዞሽ፣ ምንም ማለት አይደለም› ስላቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ስማቸው ገበያ ሲወጣ እኔ ተደብቄ አይዞሽ ልበላቸው? አንቺ ትችያለሽ፤ ስምሽም የውሸት ነው። እኔ በስሜ ነው የምገባው።»

«ልከተልሽ።»

«ማን ነኝ ብለሽ?»

አብረው እስከ አስፋልቱ ወጡ። አልተሳሳሙም። የሰልሚያ ስልክ ነዘረ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ሰልሚያ የሚባል ሰው ከዛሬ ጀምሮ የለም፣ አዲስ አበባ ግቢ፣ አዲስ መታወቂያ ይጠብቅሻል ይላል። ሲም ካርዷን አውጥታ ሰበረችው። የአዲስ አበባው ሚኒባስ አንድ ሰው ነበር የጎደለው። ገባች።

«ሒሳብ፣ እህት» አለ ረዳቱ። ሰጠችው። ፊቷን ዞር ብሎም አላየውም።

ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ሲወጣ በመስኮቱ አየቻት። ወለተ ሐና አንድ የቆርቆሮ በር ፊት ቆማለች። ነጠላዋን አስተካከለች። እጇን አነሳች፣ መልሳ አወረደችው፣ እንደገና አነሳች።

አንኳኳች።

በሩ ተከፈተ። ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት ብቅ አለች፤ ነርሷን ስታይ ፊቷ በራ፣ «ውይ ሲስተር! ግቢ፣ ግቢ!» ስትል ከንፈሯ ይታያል።

ሲስተር ገባች። በሩ ተዘጋ።